ሁለት ሃይሉክስ፣ አንድ ዳገት፦ የፈረስ ጉልበት ወይስ ቶርክ?

ድሬዳዋ ላይ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ወደ ሐረር የሚያስወጣው የደንገጎ ዳገት ግን ሌላም ጥያቄ አለው።

ሁለት ሃይሉክስ እንውሰድ። ባለ 2.7 ሊትሩ ቤንዚን 166 የፈረስ ጉልበት አለው። ቶርኩ 245 ኒውተን ሜትር ነው፤ እሱም የሚገኘው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ ናፍጣ በፈረስ ጉልበት ያንሳል፣ 150 ነው። ቶርኩ ግን 400 ይደርሳል፤ ያውም ገና ከ1,600 ዙር ጀምሮ።

ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ ይኸው ቶርክ በዙሩ ፍጥነት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በ2,000 ዙር ላይ ናፍጣው 114 ያህል ፈረስ ያወጣል። ቤንዚኑ እዚያው ላይ ቢበዛ 70 ነው። 166ቱን ለማግኘት እስከ 5,200 ዙር ማስጮህ የግድ ነው።

ደንገጎን ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ ልዩነቱ ይታያል። ቤንዚኑ ማርሽ ቀንሳችሁ ካልረገጣችሁት ይደክማል። ከፍታውም አያግዘውም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አቅም ያጣል። ናፍጣው ተርቦ ስላለው ብዙም አይሰማውም።

ድሬ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ለመመላለስ ከሆነ ቤንዚኑ ይበቃል፤ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። (ናፍጣ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ይቀሰቅሳል።) ጭነት ይዞ ሐረር ለሚወጣ ግን እኔ ናፍጣውን ነው የምለው። ያገለገለ ከሆነ ተርቦውን ሳታስፈትሹ ቀብድ እንዳትከፍሉ።