«ካርታው በማን ስም ነው?» ያለኝ የታክስ አማካሪ

ሜሪላንድ 16 ዓመት ኖሬ ባሕር ዳር ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው፣ ባሌ ደግሞ የዚሁ የጣና ዳር ልጅ። ደመወዜ በዶላር ስለሚገባ የቤቱን ወጪ አብዛኛውን የምችለው እኔ ነኝ። ባለፈው አንዷ ጓደኛዬ ከዚያ ደውላ «ለቤተሰብ የምታወጪው የአሜሪካ የስጦታ ታክስ አለበት እኮ!» አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

በሰው በሰው ጠይቄ አንድ አማካሪ አገኘሁ። የምወቅሰው ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ቀጠሮዬ 4 ሰዓት፣ የገባሁት 5 ከሩብ። መብራትም የለም።

ልጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ባዶ ወረቀት መሐል ለመሐል አሰመረና በግራ «ኑሮ»፣ በቀኝ «ስጦታ» ብሎ ጻፈ። ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ የወሩ አስቤዛ ግራ ገቡ። አብረን የምንበላው እንጀራ ስጦታ አይደለም፣ ባልና ሚስትም የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው አለኝ። ለእናቴ በወር የምሰጣት 200 ዶላር ቀኝ ገባ። ለባሌ ወንድም የገዛሁለት ባጃጅም እንደዚያው። ደነገጥኩ።

ሳቀብኝ። በፈረንጆቹ 2025 ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 19,000 ዶላር መስጠት ማሳወቅም አያስፈልገውም፤ ለእናቴ ለብቻ፣ ለባጃጁ ጌታ ለብቻ። ቢያልፍ ቅጽ 709 (የአሜሪካ የስጦታ ታክስ ማሳወቂያ) ይሞላል እንጂ ወዲያው ታክስ አይመጣም፤ ታክሱ የሚመጣው የዕድሜ ልክ ጣሪያው ሲታለፍ ነው፣ እሱም በ2025 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነበር። (ያን ያህል ያለው ሰው ባጃጅ አይገዛም።) ቢመጣም ከፋዩ ሰጪው ነው። እናቴ ዕዳ ገባች ብዬ የተጨነቅኩት በከንቱ! የእናቴን የዓይን ሕክምና ሒሳብ ደግሞ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ከከፈልኩ ጭራሽ አይቆጠርም።

ከዚያ ስለምንሠራው ቤት ነገርኩት።

«ካርታው በማን ስም ነው የወጣው፣ እትዬ?»

እትዬ ማለቱ ትንሽ አናደደኝ። በባሌ ስም ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ባሌ የአሜሪካ ዜጋ ቢሆን ገደብ አልነበረውም፤ ስላልሆነ ግን የ2025 ገደቡ 190,000 ዶላር ነበር። ለካ ሲሚንቶና ብረት ባራገፍኩ ቁጥር ስጦታ እየሰጠሁ ነው! ገደቡ ጋ አንደርስም፤ ቢሆንም የቤቱን ወጪ በየዓመቱ ለይተሽ ያዢ ብሎኛል። ማለቴ፣ «ይያዙ» ብሎኛል።

ቅሬታዬ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቴ ስልክ አነሣ። ቅጽ 709ን እሱ እንደማይሞላ የነገረኝ ልወጣ ስል ነው፤ ያ ሲገባ የሚነገር ነገር ነበር። ሒሳቡ 2,000 ብር፣ ደረሰኙን ሳልጠይቅ ቆረጠልኝ። በእጁ ያሰመረው ወረቀት አሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ባሌ «ስጦታ» በሚለው በኩል ስሙን እያየ ይስቃል።

በውስጥ ለጠየቀኝ አድራሻውን እሰጣለሁ። ጠዋት ሂዱ፣ የካርታችሁን ፎቶ ይዛችሁ።