የእናት ጡት ወይስ የዱቄት ወተት? ከጨቅላው አንጀት አንፃር

ሁለቱም ያጠግባሉ። ልዩነቱ የሚመጣው አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው።

የጨቅላ አንጀት ገና ለጋ ነው። ሴሎቹ ኦክስጅን ሲጠቀሙ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ በተለይ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እነዚህን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። የእናት ወተት ፕሮቲኖች የሚደርሱለት እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ቀዳሚው ላክቶፌሪን ነው። ልቅ ብረት ሴሎች ኦክስጅን ሲጠቀሙ ከሚፈጠረው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሴልን ክፉኛ የሚጎዳ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል ፍሪ ራዲካል ይወጣል፤ ላክቶፌሪን ግን ሁለት የብረት አተሞችን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና ነገሩን ከጅምሩ ያከሽፈዋል። ብረት ፈላጊ ጀርሞችንም ያስርባል። በብዛት ያለው ደግሞ እንገሩ ላይ ነው። እባካችሁ፣ እንገር አትድፉ!

የዱቄት ወተትስ? አብዛኛው የሚሠራው ከላም ወተት ነው። የላም ወተት ላክቶፌሪን ከእናት ወተት በጣም ያንሳል፣ ሲመረትም ሙቀት ይነካዋል። ፍሪ ራዲካልን የሚከላከሉት ቫይታሚን ሲ እና ኢ ይጨመሩበታል፣ ይህን አልክድም። ብረቱም ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ሕፃኑ የሚመጠው ጥቂቱን ስለሆነ የቀረው እዚያው አንጀት ውስጥ ይቆያል፤ ከላይ ላልኩት ጉዳት በር የሚከፍተውም እንዲህ ያለው ብረት ነው።

እናት ወተት ካጠራት ወይም ጤናዋ ካልፈቀደ ጡጦ ነውር አይደለም፣ ልጁ መጥገብ አለበት። ምርጫ ካለ ግን እኔ የምለው እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ሥራ የምትውሉ እናቶች ከጡታችሁ አልባችሁ ያስቀመጣችሁትን ወተት እሳት ላይ አትጣዱት፤ ጡጦውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ላክቶፌሪን ሙቀት አይችልም።