ጎል ቲቪ፦ ኳስ፣ ኳስ፣ አሁንም ኳስ

መጀመሪያ ፍርዴን ልስጥ፤ ምክንያቱን እየቆየሁ አመጣዋለሁ። ጎል ቲቪ ላሊጋን፣ የስፔንን አንደኛ ሊግ፣ በያዘባቸው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ለኳስ ወዳድ ከሱ የሚበልጥ ቻናል አልነበረም። ላሊጋ ከሄደበት በኋላ ግን ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጎል ቲቪ በፌብሩዋሪ 2003 ሥራ የጀመረ፣ ሃያ አራት ሰዓት ኳስ ብቻ የሚያሳይ የአሜሪካ ቻናል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቤዝቦል የለ፣ ጎልፍ የለ፣ የመኪና እሽቅድምድም የለ። ኳስ፣ የኳስ ዜና፣ የኳስ ክርክር፣ ከዚያ ተመልሶ ኳስ። ቋንቋው ሁለት ነው፤ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ። መቀመጫው ፍሎሪዳ፣ ማያሚ አጠገብ ነው። የከፈቱት ግን ኡራጓዮች ናቸው፤ ፓኮ ካሳል የሚባል የተጫዋቾች ወኪልና ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ኤንዞ ፍራንቼስኮሊና ኔልሰን ጉቲዬሬዝ። ፍራንቼስኮሊን የማታውቁት ካላችሁ ዚዳንን ጠይቁት። የበኩር ልጁን ኤንዞ ያለው በሱ ስም ነው።

ኳስ ያንገበገባቸው ሰዎች የከፈቱት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ሌሎቹ ትልልቅ የስፖርት ቻናሎች ያኔ ኳስን የሚያሳዩት ሌላ ነገር ሲያጡ ነበር። ጨዋታው ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተራዘመ ብለው ሊያዘገዩህ ይችሉ ነበር። ጎል ቲቪ ላይ ይሄ ጭንቀት የለም። ከኳስ በፊት ኳስ፣ ከኳስ በኋላ ኳስ ነው።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ ፓርኪንግ ነው። ያኔ ዲሲና አካባቢዋ የነበረ ሀበሻ እንደሚያስታውሰው እኛ የፕሪሚየር ሊግ ሰዎች ነን። ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አንዱ ካፌ ትገባለህ። ግማሹ አርሰናል፣ ግማሹ ማንቼ ነው። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ስድቡ ይጀመራል። ስለ ስፔን ኳስ የሚያወራ ሰው ብርቅ ነበር። «እነሱ እኮ ይንቀራፈፋሉ» ይባላል፤ በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህን የቀየረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የባርሴሎናው ሮናልዲንሆ። ሁለተኛው በ2007 ቲየሪ ሄንሪ ከአርሰናል ወደ ባርሴሎና መሄዱ ነው። የኛ አርሰናሎች ምን ያድርጉ? ልጃቸውን ተከትለው ሄዱ። ሄንሪን ለማየት ደግሞ ጎል ቲቪ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት «ኬብልህ ጎል ቲቪ አለው ወይ?» ብሎ የሚደውል ወዳጅ በዛብኝ። ደዋዮቹ መጀመሪያ ጤና ይጠይቁ ነበር፤ ኋላ ላይ እሱም ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ኮሜንታተሩ ሬይ ሀድሰን። ጎል ቲቪን ያለ ሬይ ሀድሰን መገምገም አይቻልም። ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ጌትስሄድ አካባቢ ተወልዶ ለኒውካስል ዩናይትድ የተጫወተ። ከዚያ ፍሎሪዳ መጥቶ ለፎርት ሎደርዴል ስትራይከርስ ተጫወተ። ማያሚ ፊውዥንን አሠለጠነ። ቀጥሎ ደግሞ በ2002ና በ2003 የኛኑ ዲሲ ዩናይትድ ያዘ። አርኤፍኬ ስታዲየም ገብተን ያየነው ሰውዬ ነው። አሠልጣኝነቱ ብዙም አልተወደሰም። ማይክ ሲይዝ ግን ሌላ ፍጥረት ሆነ።

አብሮት ያስተላልፍ የነበረው ፊል ሾን የረጋ ሰው ነው። ማን ለማን አቀበለ፣ ስንተኛ ደቂቃ ነው፣ ማን ቢጫ አለበት፣ ይሄን ሁሉ እሱ ይነግርሃል። ሀድሰን ግን ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ቅኔ ይዘርፋል። ሜሲ ሦስት ሰው አልፎ ሲገባ ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ድንገት ይፈነዳል። የሚያመጣው ምሳሌ ከየት እንደተነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ያስቸግራል። «ማጂስቴሪያል» የምትለው ቃል የሱ ናት። እንግሊዝኛዬ ያኔ እንደነገሩ ነበር፤ ከሚለው ግማሹ አይገባኝም። ግን ይገባኛል ብዬ አብሬው እስቃለሁ። ሰለሞን ተሰማን በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ኮሜንታተር ጨዋታውን ራሱን ሊያሳምረው እንደሚችል ያውቃል። ሜዳውን ሳናይ እኮ ነው ጎሉን የምናየው የነበረው!

ሀድሰንን የማይወዱ ብዙ ናቸው። ሚስቴ አንዷ ናት። «ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው?» ትላለች። አንዳንዴ ያበዛዋል፤ አልክድም። ከመሀል ሜዳ የተላከች ተራ ፓስ ላይ እንደዚያ መንዘፍዘፍ ለምን ያስፈልጋል? ባርሳ ሲጫወት ደግሞ ሚዛኑን ጨርሶ ይስታል። ማድሪድ ደጋፊ ብሆን ኖሮ ድምፁን አጥፍቼ ነበር የማየው።

የቻናሉ ብልሃት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ድምፁን ማጥፋት ሳያስፈልግህ ቋንቋውን ትቀይራለህ። በሪሞቱ ሁለተኛውን ድምፅ ትመርጣለህ፤ ስፓኒሽ ይመጣል። ጨዋታው ያው፣ ሰዉ ሌላ። የስፓኒሾቹ ፍጥነት ጉድ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስዱ አይመስልም። ጎል ሲገባ ግን አንዷን ቃል ይዘው ደቂቃ ሙሉ ይጎትቷታል። ቋንቋውን ባታውቅም የተጫዋቾቹን ስም እየያዝክ ትከተላለህ።

ሥራ ቦታችን ያለው ቲቪ ላይ ይሄ ነገር ሰላም አውርዷል። ከኔ ጋር የሚሠሩት ብዙዎቹ ሳልቫዶሮች ናቸው፤ እዚህ አካባቢ የሳልቫዶር ሰው ከኛም ይበዛል። እነሱ ስፓኒሹን ይፈልጋሉ፤ እኔና አንድ የጋና ልጅ እንግሊዝኛውን። መጀመሪያ ሰሞን ሪሞቱ ይደበቅ ነበር። ኋላ ላይ ተስማማን፤ አንደኛው ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በስፓኒሽ። ሥርዓቱ ሳይጓደል ዓመታት ሠራ። ችግሩ ጎሉ ሁሉ ሁለተኛው ግማሽ ላይ የገባ ቀን ነው። ያኔ የጋናው ልጅ ይነጫነጫል፤ የሀድሰንን ጩኸት ተዘረፍኩ ይላል።

ከዚያ ቻናል ምን አየን? ስንቱን ልቁጠር። ኖቬምበር 2005 በማድሪድ ሜዳ በበርናባው ላይ ባርሳ ማድሪድን 3 ለ 0 አሸነፈ። ሮናልዲንሆ ሁለቱን አገባ። ሁለተኛውን ሲያገባ የማድሪድ ደጋፊዎች ተነሥተው አጨበጨቡለት። ጢሙን ያሳደገ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ሲያጨበጭብ ካሜራው ያዘው፤ ያቺ ምስል አሁንም ዓይኔ ላይ ናት። በሜይ 2009 ያው ሜዳ ላይ 6 ለ 2። ሄንሪ ሁለት፣ ሜሲ ሁለት፣ ፑዮል፣ ፒኬ። የኛ አርሰናሎች የሄንሪን ጎል እንደ ራሳቸው ቆጥረው ጨፈሩ። ኖቬምበር 2010 ደግሞ ካምፕ ኑ ላይ 5 ለ 0፤ ሞሪኞ ማድሪድን ይዞ የገባበት የመጀመሪያው ክላሲኮ፣ ማለት የባርሳና የማድሪድ ጨዋታ። እሱ ጨዋታ ሰኞ ነበር፤ እዚህ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ። የሥራ ቀን! መኪናውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ትኬቱን እንደያዘ ቆሞ አብሮን አየ። አልጮኸም፣ አልተበሳጨም። ቪያ ሁለተኛውን ሲያገባ እሱም ጮኸ።

ላሊጋ ብቻም አልነበረም። የጀርመኑ ቡንደስሊጋ እስከ 2015 ድረስ ጎል ቲቪ ላይ ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የርገን ክሎፕን ሊቨርፑል ሲሄድ ያወቃችሁት ሁሉ፣ እኛ ከዶርትመንድ ጀምሮ ነው የምናውቀው። በ2011ና በ2012 ተከታታይ ዋንጫ ሲወስድ ያንን ቢጫ ግድግዳ፣ ቢጫ የለበሰውን የዶርትመንድ ደጋፊ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ ጋር እናየው ነበር። ካጋዋ፣ ሌቫንዶቭስኪ፣ ሁመልስ። ራውል ከማድሪድ ወጥቶ ሻልከ ሲጫወትም ያየነው እዚያው ነው። ካፌ ውስጥ ስለ ጀርመን ኳስ አፌን ሞልቼ ማውራት የጀመርኩት ያኔ ነው። የሰማኝ እንዳልነበረ ግን ልንገራችሁ።

በጋ ላይ የአውሮፓ ሊጎች ሲዘጉ ጎል ቲቪ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይዞራል። የኡራጓይ፣ የኢኳዶር ጨዋታ ይመጣል። በእርግጥ ጁላይ ላይ እኛ ሀበሾች የራሳችን ጉዳይ አለን፤ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ላይ እንጠፋለን። ከዚያ ሲመለሱ ግን ሰውነት ኳስ ይጠማዋል። የኡራጓዮቹ ፔኛሮልና ናሲዮናል ሲጫወቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሜዳው እንደ አውሮፓው ምንጣፍ አይደለም። ርግጫው የእግር ነው ወይስ የኳስ፣ መለየት ያስቸግራል። ደጋፊው ከጨዋታው በፊት በወረቀት ቁርጥራጭ ሜዳውን ያለብሰዋል። ጥራት የሚፈልግ ይለፈው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ጉድለቱንስ? አለው እንጂ። ስቱዲዮው የድሃ ስቱዲዮ ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከኋላ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፤ በቃ። ምስሉም ለረጅም ጊዜ ጥራት አልነበረውም። ሌሎቹ ኤችዲ ሲገቡ እነሱ ዘግይተው ነው የገቡት። ትልቅ ቲቪ የገዛ ሰው ኳሷ ጭጋግ ውስጥ ትጠፋበት ነበር። ድግግሞሹም ያሰለቻል። እሁድ ያየኸውን ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ አንዳንዴ ሐሙስም ታገኘዋለህ። ሃያ አራት ሰዓት በኳስ ልሙላ ካልክ ሌላ ምን ታደርጋለህ? የሌሊት ሺፍት ለሚሠራ ግን ይሄም ጸጋ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቪያሪያልና ኦሳሱናን የሚያሳይህ ሌላ ማን አለ?

ከቻናሉ በላይ ያማረረኝ የኬብል ድርጅቱ ነበር። ስሙን አልጠራም። ጎል ቲቪን ለብቻው አይሸጡልህም። የስፓኒሽ ቻናሎች ጥቅል ውስጥ ከትተውት፣ ከሱ ጋር ሃያ የድራማና የዘፈን ቻናል ያሸክሙሃል። ደውዬ «እኔ የምፈልገው ኳሱን ብቻ ነው» ስላት ልጅቷ በስፓኒሽ መለሰችልኝ። ጥቅሉን የገዛ ሰው ስፓኒሽ ይችላል ብለው መዝግበውኝ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የቢል ወረቀቴም በስፓኒሽ ይመጣ ጀመር። ሳልቫዶሮቹ ናቸው ያነበቡልኝ። በዚህ ቋንቋ ከመብራትና ከውሃ ቃል በፊት የቅጣትና የተጨማሪ ክፍያ ቃል ነው የለመድኩት።

ከዚያ 2012 መጣ። በኦገስት የኳታሮቹ ቢኢን ስፖርት አሜሪካ ገባ፤ ላሊጋንም ወሰደ። ገንዘብ ያለው ሲመጣ የሌለው ምን ያደርጋል? ሬይ ሀድሰንና ፊል ሾንም እዚያው ሄዱ። ኳሱም ድምፁም ባንድ ወር ጎል ቲቪን ለቀቁ። ኳስ ብቻ የሚያሳይ ቻናል ድክመቱ ይሄ ነው። የያዘው ንብረት የሌላ ሰው ውል ነው። ውሉ ሲያልቅ ከኳስ ውጭ ዜናና ድራማ የለውም፣ የሚመለስበት ነገር የለም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ቡንደስሊጋም ወደ ፎክስ ቻናል ሄደ። ቻናሉ አልሞተም፤ የደቡብ አሜሪካውን ኳስ ይዞ ቀጠለ፣ በኢንተርኔትም መታየት ጀመረ። ከምናውቃቸው ካፌዎች ቲቪ ላይ ግን ወረደ። ወዳጆቼም መደወል አቆሙ፤ ቢደውሉም ስለ ቢኢን ነው።

እና ለማን ይሆናል? ፕሪሚየር ሊግና ቻምፒየንስ ሊግ ለሚፈልግ አይሆንም፤ እዚያ የለም። ባርሳን ለሚፈልግም አይሆንም። ልጆቹ ስፓኒሽ ትምህርት ለሚማሩና ኳስ ለሚወዱ ወላጆች ግን አንድ ነገር ልበል። የኔ ትንሹ ልጅ ከክፍሉ ይልቅ ከሁለተኛው ድምፅ ነው የተማረው፤ አስተማሪዋ «የኡራጓይ ሰው ይመስላል አነጋገሩ» አለችኝ። ቁጥርና የሰውነት ክፍል አሳምሮ ያውቃል፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጭን፣ ጉዳት ያለበት ሁሉ። የደቡብ አሜሪካ ኳስ ለሚወድ፣ ወይም አንድ ቀን ልሞክረው ለሚልም ይሆናል። የዓመት ውል አትፈርሙ፤ በወር የሚከፈለውን ውሰዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የዚያን ሰሞን የየትኛው ሊግ መብት እጁ ላይ እንዳለ እዩ። የእንግሊዝኛውና የስፓኒሹ ድምፅ አንድ ላይ ይመጣል ወይስ ለየብቻ ይሸጣል፣ እሱንም አረጋግጡ።