ሃይሉክስ ወይስ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፦ ለድሬ ሰው የቱ ይሻላል?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ አለ። ጭነት የያዘ መኪና አቅሙ የሚታወቀው እዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው “ምን ትጭናለህ? የትስ ትሄዳለህ?” ብዬ ነው።

2.4 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሃይሉክስ ዳገቱን ቀለል አድርጎ ይወጣዋል። ደብል ጋቢናው ደግሞ በሥራ ቀን ሲሚንቶ፣ እሁድ ቤተሰብ ይዞ ሐረማያ ያደርሳል።

ላንድክሩዘር ፒክአፑ፣ ማለትም 79 የሚባለው ሞዴል፣ ሌላ ነገር ነው። ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ሞተር ቱርቦ የለውም። ዳገት ላይ ይዘገያል፣ ናፍጣም ይወዳል። ግን የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ኮምፒዩተር ሳይፈልግ የገጠር መካኒክ ይፈታዋል። የሲንግል ጋቢናው የናፍጣ ታንከር 130 ሊትር ይይዛል፤ የሃይሉክሱ 80 ነው። ከባቢሌ አልፎ አሸዋና ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ፣ ሲንግል ጋቢና ከሆነ ልጆቹን የት ታስቀምጣቸዋለህ?

ሥራህ ከተማና አስፋልት ላይ ከሆነ ሃይሉክሱን ግዛ። ከአስፋልት ወጥተህ የምታድር ከሆነ ላንድክሩዘሩን። የቱንም ብትገዛ፣ ደንገጎን ስትወርድ ማርሽ ቀንስ፤ በፍሬን ብቻ አትውረድ።