ልጄን ለሚጠብቁልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። የገዛ ገላው ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «ጻፊው እማ፣ ሌላ ልጅ እንዳይደብቅ» አለኝ።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሕመም ቀሰቀሰው። ቀን ደህና ውሎ ነበር። አልወደቀም፣ ኳስም አልመታውም። አስመለሰው። ላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛው ሲያቃስት ሰማና ወርዶ ጋሼን ቀሰቀሳቸው።

ጋሼ የማደሪያው ፕሮክተር ናቸው። ልጆቹ ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው፣ እኔም ከነሱ ለመድኩት። መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ሲሉት «ሆዴን» አላቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ማስታገሻ ይሰጣል፣ «ሲነጋ ክሊኒክ ትሄዳለህ» ይልና ይተኛል። እሳቸው ግን ጓደኛውን ከክፍሉ አስወጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከሆድህ በታችስ? የሚያሳፍርህ ቦታም ቢሆን ንገረኝ፣ እኔ የማላውቀው ነገር የለም» አሉት። ልጄ አለቀሰ። እዚያ ነበር የሚያመው።

እኔ ጋ የደወሉት መኪና ውስጥ ሆነው ነው። «ልጅሽ ነቅቷል፣ እያወራኝ ነው፣ ወደ ሆስፒታል እየሄድን ነው» አሉኝ። በዚሁ ቅደም ተከተል። በሌሊት ስልክ የተደወለላት እናት መጀመሪያ መስማት የምትፈልገውን ቀድመው ነገሩኝ። ይህን መቼም አልረሳላቸውም።

ሕመሙ የዘር ፍሬ መጠምዘዝ ይባላል። ደም የሚያደርሰው ገመድ ይዞርና ደሙ ይቋረጣል። በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ምንም ሳይነካቸው፣ ተኝተው እያለ እንኳ ሊጀምር ይችላል። ሕመሙ ወደ ሆድ ስለሚወጣና ስለሚያስመልስ በቀላሉ የሆድ ሕመም ይመስላል። ልጁም ስለሚያፍር «ሆዴን» ብሎ ይሸፍነዋል። በ6 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። እየዘገየ በሄደ ቁጥር ግን የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ «ሲነጋ» ማለት አይቻልም። ልጄ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው ሕመሙ ከጀመረው በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። የተጠመዘዘውን ፈቱለት፣ ወደፊት እንዳይደገም ሁለቱንም ሰፍተው አስያዙለት። ተረፈ። ዛሬ ኳስ ይጫወታል።

በኋላ ጋሼን «እንዴት ሊጠይቁት አሰቡ?» አልኳቸው። ለካ ዓመቱ ሲጀመር አዲስ የገቡትን ልጆች ሰብስበው ስለዚህ ሕመም በግልጽ ይነግሯቸዋል። «እንዲህ ከተሰማችሁ በማንኛውም ሰዓት በሬን ምቱ» ይሏቸዋል። ጓደኛውም የሮጠው ይህን ሰምቶ ስለነበር ነው። ልጄም ሰምቶ ነበር፣ ግን ማፈር ከመስማት ይበልጣል። ስለዚህ ሄዶ መጠየቅ የአዋቂው ሥራ ነው ባይ ናቸው።

ሌላም ነገር አየሁ። ማደሪያው ኮሪደር ላይ የማይቆለፍ ቁም ሣጥን አለ። ውስጡ ንጹሕ አንሶላ ተደርድሯል። ሌሊት አልጋው የረጠበበት ልጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ይቀይራል፣ የረጠበውን ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ አለቀ። በ10 ዓመት ዕድሜ እንኳ ከ20 ልጆች አንዱ ገደማ አልጋ ያረጥባል፣ ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ይህን የሚያውቅ ሰው ልጁን አይቆጣም፣ አንሶላውን ያዘጋጃል። ማደሪያው ውስጥ እከክ የገባ ጊዜም የክፍሉን ልጆች በሙሉ በአንድ ቀን ነው ያሳከሙት። ማሳከኩ ከተያዙ ከሳምንታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ያላሳከከውም ይታከማል። ከማን እንደጀመረ ግን እስከዛሬ ማንም አያውቅም።

ስለ ናፍቆት ደግሞ እኔንም አስተምረውኛል። መጀመሪያ ሰሞን ልጄ በደወለ ቁጥር ያለቅስ ነበር። እኔም «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» አልኩት። ጋሼ ሰሙና ደወሉልኝ። አልተቆጡም። «እንደዚያ ስትይው እዚህ ለመልመድ መሞከሩን ትቶ አንቺን መጠበቅ ይጀምራል» አሉኝ። ናፍቆት የሚብሰው ምሽት ላይ፣ ሥራ ሲፈታና ወደ መኝታ ሲቃረብ መሆኑንም ነገሩኝ። ስለዚህ የምደውልበትን ሰዓት ከሰዓት በኋላ አደረግነው። ምሽት ላይ አንድ ትልቅ ተማሪ አጠገቡ እንዲያጠና መደቡለት። ከራት በኋላ ደግሞ ወንበር የመደርደር ሥራ ሰጡት። ወንበሩ ሰበብ ነው። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ስለሚደረድር ከነሱ ጋር ማውራት ጀመረ። ያን ሌሊት ሮጦ ጋሼን የጠራው ልጅ ከነዚያ ሦስቱ አንዱ ነው።

የእህቴ ልጅ ቀደም ሲል ሌላ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል። እዚያ የሌሊት ኃላፊው የሚተኛው ሌላ ሕንፃ ላይ ነበር። ያኔ አላሳሰበንም። አሁን ግን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። ወንድ ልጃችሁን አዳሪ ልታስገቡ ያሰባችሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሜዳውን ከማየታችሁ በፊት ማደሪያውን እዩ። ሌሊት ስንት ልጆች በአንድ ሰው እጅ እንዳሉ ጠይቁ። ያ ሰው የት እንደሚተኛ፣ ነርሷ በስንት ሰዓት እንደምትሄድ፣ እሷ ከሄደች በኋላ መኪና ማን እንደሚያስነሳ ጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ ያንን ሰው ራሱን አግኙት። እሱ ስለ ማደሪያው ሕግ ብቻ ቢያወራችሁ ጥሩ ነው፣ ስለ ልጆቹ በየስማቸው ቢያወራችሁ ግን በጣም ጥሩ ነው።

የጋሼን ስም ያልጻፍኩት እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። ልጁን ሊያስገባ የሚፈልግ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ትምህርት ቤቱን በደስታ እጠቁማለሁ።

ጋሼ፣ ይህን ልጆቹ እንደሚያነቡልዎ አውቃለሁ። ያን ሌሊት ልጄን መኪና ውስጥ ያለበሱት ኮት እኔ ጋ ነው። አጥቤዋለሁ፣ የላላውን ቁልፍም ሰፍቼዋለሁ። በጉብኝት ቀን ይዤልዎ እመጣለሁ።