ጨርቁ ይበቃል ወይ?

ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ልጀምር። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ማዘር፣ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ?»

ጮክ ብሎ ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ ቢሆን ይሄ ልጅ ስራውን ያጣል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። አውሮፕላን ውስጥ የቀበቶ ማራዘሚያ በሹክሹክታ ለምኜ የመጣሁ ሰው ነኝ። «ሁለት ወንበር ከሰጠኸኝ እከፍላለሁ» አልኩት። ተስማማን። ከፈልኩ። ሰንዳፋ ላይ አንድ ሰውዬ ከነዶሮው አሳፈረና የከፈልኩበት ቦታ ላይ አስቀመጠልኝ። «ጠጋ በይለት፣ ሸኖ ነው የሚወርደው።» ብሬን መልስ ብለው ሳቀ። ባለዶሮውም ሳቀ። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሸኖ ላይ እሱ ወርዶ ቅቤ የያዙ ሁለት እናቶች ገቡ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እንደኔ ሞላ ያላችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱና ጋቢና ያዙ። ሁለት ወንበር መክፈል የሚባል ነገር እዚህ መንገድ ላይ አይሰራም።

ደብረ ብርሃን የሄድኩት የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ስለምታገባ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር ሀገሬን ሳላይ። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጽፍላችሁ ነው፣ ግን ከዋይፋዩና ከቁርሱ በፊት የማየው ሌላ ነው። አሜሪካ 20 ቁጥር የምለብስ ሴት ነኝ። ለእኔ ጥሩ ሆቴል ማለት ፎጣው ዞሮ የሚገናኝልኝ ሆቴል ነው።

አክስቴ በሩ ላይ አቅፋኝ የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነበር። «እሰይ! እሰይ! ወፍረሽ መጣሽልኝ!» ከዚያ ክንዴን ጨብጣ አገላብጣ አየችው፤ ገበያ ላይ በግ እንደሚታይ። ጎረቤቶች ተከታትለው መጡ። «ተመችቷታል።» «አሜሪካ ተስማምቷታል።» አንዷማ «እኛን እዪን፣ አጥንታችን ቀረ» ብላ ቀናች።

ውጭ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት ይከብዳል። እዚያ ሰው ስለ ክብደቴ ፊት ለፊት አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዓይናቸው ነው የሚናገረው። እዚህ ግን «ወፈርሽ» ማለት ምግብ አላጣሽም፣ አልታመምሽም፣ ሀሳብ አልበላሽም ማለት ነው።

ሁሉም ምርቃት ነው ብዬ ግን አልዋሽም። እዚያው ሳሎን ውስጥ ሙሽሪት ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሎሚ የተጨመረበት ሙቅ ውሃ ትጠጣለች። ሶስት ሳምንቷ ነው። ለቬሎው። እናቷ ዶሮ ወጥ ይዛ ትለምናታለች፤ እሷ ስልኳን ታያለች። ማታ ላይ ጠጋ ብላ «እህቴ፣ እዛ ጂም የለም እንዴ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ግን ከእናቷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ሰውነት ሁለት ሀሳብ ይዘው እንደሚኖሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቤቱ በእንግዳ ስለተጨናነቀ ሆቴል ያዝኩ። ስለ ሆቴሉ ብዙ የምለው የለኝም። ንጹህ ነው። ሙቅ ውሃ ጠዋት አለ፣ ማታ የለም። ፎጣው አልተገናኘም። ወንበሮቹ ባለ እጅ ስለሆኑ ቡናዬን አልጋ ላይ ጠጣሁ። ብርድ ልብሱ ግን የከተማዋ የራሷ ነው፣ ወፍራም፣ የሚከብድ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ሌሊቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ያድራል።

ዋናው ጉዳይ ቀሚሱ ነው።

የሙሽራዋ ወገን ሴቶች ሁላችንም አንድ ዓይነት የሀበሻ ቀሚስ እንድንለብስ ተወስኖ ከሽሮ ሜዳ በጅምላ ተገዝቷል። ለእኔ «ትልቁ» ተቀምጦልኛል። በጭንቅላቴ አስገባሁት። ትከሻዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ክንዶቼ ወደ ላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ። አክስቴ ከፊት፣ የአክስቴ ጎረቤት ከኋላ ይጎትታሉ። «ትንፋሽሽን ያዢ!» «ይዣለሁ!» «ልቀቂ!» ከውስጥ ሆኜ የማየው ነጭ ሸማ ብቻ ነው፣ የሚሰማኝ ደግሞ የሴቶች ሳቅ። አንድ ቦታ ላይ ቷ ሲል ሁሉም ዝም አሉ። ስፌቱ ነው።

መጀመሪያ ቡቲክ ሞከርን፤ ሌላ ቀሚስ ለመግዛት። አንዱ ሱቅ ገና በሩን ሳላልፍ ሻጯ «እህት፣ በአንቺ ልክ የለንም» አለችኝ። የምፈልገው ሻርፕ ቢሆንስ? ሌላኛው ጋ ልጅቷ አዝና ነው መሰል «ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብላ አንድ ሹራብ ዘረጋችልኝ። ፍሪ ሳይዝ የሚባለውን ቃል ያወጣው ሰው በጣም ቀጭን ቤተሰብ ያለው ይመስለኛል። ሶስተኛው ውስጥ ኤክስ ኤል የሚል ጽሑፍ ያለው ልብስ አየሁ፤ አሜሪካ ካለው ሚዲየም ጋር ሳስተያየው የሚበልጥ አይመስለኝም። ከውጭ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ ይዞት የሚመጣው ቀለሙን ብቻ አይደለም። ማን እንደሚገባበትና ማን እንደማይገባበትም አብሮ ተወስኖ ይመጣል። የሚገርመኝ ደግሞ ሻጯ ስታፍርልኝ እኔም አብሬ ማፈሬ ነው። አክስቴ «ወፍረሻል» ስትለኝ ያላፈርኩ ሴትዮ፣ «የለንም» ስባል አፈርኩ።

አክስቴ ተናደደች። «ይሄ ሁሉ ለምኑ ነው? ልብስ ሰፊ ሞቷል እንዴ?» ብላ እየጎተተች ገበያው አጠገብ ወዳለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ወሰደችኝ።

ልብስ ሰፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር፣ አንገታቸው ላይ ሜትር፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ፣ እጃቸው ላይ ጨርቁን ምልክት የሚያደርጉባት ያለቀች ሳሙና። የተተረተረውን ቀሚስ ገለበጡት። የጎኑን ስፌት በጣታቸው ዳበሱና ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። «ትርፍ አልተዉለትም። አንድ ጣት እንኳ።» ከዚያ ተነሱና ለኩኝ።

ይሄን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሜትሩን ዙሪያዬን ሲያዞሩ ሁለቱ ጫፎች እንደሚገናኙ አልተጠራጠሩም። ቁጥሩን ደብተር ለያዘው ልጅ ጮክ ብለው ይነግሩታል። «ደረት መቶ ሃያ ሁለት! ወገብ መቶ ስድስት! ዳሌ መቶ ሃያ ስምንት!» በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ሰማ። ድምጻቸው ግን ሎተሪ እንደሚያወጣ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ቁጥር ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ፊታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ሀሳባቸው እኔ ላይ አልነበረም። ቀሚሱን እያዩ ለራሳቸው «ጨርቁ ይበቃል ወይ?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው «አይበቃም» ብለው መለሱ። የማይበቃው ጨርቁ ነው። ይሄን የመሰለ ነገር ልብስ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

መፍትሔውንም ራሳቸው አመጡት። ከብብት ጀምሮ እስከ ታች ድረስ በሁለቱም ጎን ነጭ የመነን ጨርቅ ይገባል፤ መጋጠሚያው እንዳይታይ ከመቀነቱ ጫፍ ላይ ቀጭን ጥበብ ተቆርጦ ይሰፋበታል። «ነጠላውን ግን አልነካም» አሉ፣ የጠየቃቸው ሰው ሳይኖር።

«ድሮ እኮ ይሄ ጣጣ አልነበረም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ እየቀደዱ። «የእናቶቻችን ቀሚስ ሰፊ ነው። በመቀነት ይታሰራል። ሲያረግዙም ያው፣ ሲወልዱም ያው፣ ሲከሱም ያው ቀሚስ ነው። ይሄ ዚፕ የሚሉት መጣና ሰውን ሁሉ ቅርጽ ያዝ አለው።»

እውነታቸውን ነው። የአያቴን ቀሚስ አስታወስኩ፤ ሁለታችንን ይይዘን ነበር። እነሙሽሪት የሚለብሱት አሁን ወገቡ ላይ የጠበቀ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን «ባህላዊ» እያልን የጠበበውን ክፍል ያመጣነው እኛ ነን።

አሜሪካ እኔ የምገዛበት ዘርፍ ፕላስ ሳይዝ ይባላል። ለብቻው ሱቅ አለው። ከስመ ጥሮቹ አንዱን ሌን ብራያንትን የመሰረተችው ከሊትዌኒያ የተሰደደች ልብስ ሰፊ ናት፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ነው ሱቅ የከፈተችው። ስሟ ሊና ነበር። ባንክ ቤት ተሳስተው «ሌን» ብለው ጻፉት፣ እሷም እንዲያው ተወችው። በመጀመሪያ የታወቀችው ለነፍሰ ጡሮች በምትሰፋው ልብስ ነው። ኋላ ላይ መሐንዲስ ባሏ የብዙ ሺህ ሴቶችን ልክ ሰብስቦ ለወፍራም ሴቶች የሚሆን ልብስ በብዛት ማምረት ጀመሩ። ይሄን ታሪክ ለልብስ ሰፊው ነገርኳቸው። «ብዙ ሺህ ለኩ?» አሉ ተገርመው። «ለምን? የመጣችውን መለካት አይሻልም?» እሳቸው የሚሰሩት በቀን ሶስት ሰው ነው፣ ስለዚህ ሙግቱ ብዙም አያስኬድም። መልስ ግን አልነበረኝም።

አሁን ወቀሳ። ረቡዕ ውሰጂ ተባልኩ። ረቡዕ «ነገ» አሉ። ሐሙስ «ነገ» አሉ። አርብ ልጁ ብቻ ነው ያለው፤ «ለቅሶ ሄደዋል።» ሰርጉ እሁድ ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ ሲተኩሱት ከበሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። ለእጅ ሥራው 1,500 ብር ጠየቁኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። አክስቴ ግን ተከራከረች፣ ከከፈልኩ በኋላም።

ቀሚሱ ገባ። እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፣ ወረደ። እስክስታ ሞከርኩበት፣ ያዘ።

ብዙ የምለብሰውን ነገር የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገበያ ወጥቼ የመንዝ በርኖስ ገዛሁ፣ ጥቁር፣ ከበግ ጠጉር የተሰራውን፣ ትከሻው ላይ ሾል ብላ የወጣች ጫፍ ያለችውን። ነጋዴው ልክ አልጠየቀኝም። አነሳና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ፣ በቃ። መቼም አስመጪዎቹ «ፍሪ ሳይዝ» ማለት ከፈለጉ ይሄን አይተው ይማሩ። ክፉ ጎኑ ሽታው ነው፤ ሜሪላንድ አፓርታማዬ እስካሁን በግ በግ ይላል።

አንድ አገልግሎት ግን ዜሮ እሰጠዋለሁ። የፎቶ ስቱዲዮው። ስሙን አልጠራም። በሰርጉ ማግስት በቀሚሱ ብቻዬን ተነሳሁ፤ ለእናቴ ማስታወሻ እንዲሆን። ከሁለት ቀን በኋላ ትልቅ አድርገው አጥበው፣ ፍሬም ውስጥ ከተው ሰጡኝ። አየሁት። ቀሚሱ የኔ ነው። ጥልፉ የኔ ነው። ክንዱ የኔ አይደለም። አገጬ አንድ ሆኗል። ወገቤ ላይ ከማጥበባቸው የተነሳ ጀርባዬ ያለው መጋረጃ ተጣሟል፤ ሽማግሌው ከሁለቱ ጎን ያስገቡት መነን ድራሹ ጠፍቷል። አራት ቀን የተጠበቀበትን ስፋት ልጁ በኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ መልሶ አጠበበው። «አሳምሬሽ ነው» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ። አክስቴ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። «ቀሚስሽን ለማን አውሰሽ ነው?» አለች።

እንደገና ይሰራ ብዬ ያልተነካካውን አስወሰድኩ። ሁለተኛ አስከፈሉኝ።

ለመሄድ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልብስ ቁጥራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። የኔ 20 እንግሊዝ ሀገር 24 ነው፣ ቡቲክ ቤት ደግሞ ምንም አይደለም። በሴንቲ ሜትር ተለክታችሁ ሂዱ፣ የክንዳችሁን ዙሪያ አትርሱ፤ የሀበሻ ቀሚስ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። «ነገ» ሲሏችሁ አትናደዱ፣ ግን አትመኗቸው።

ስሰናበታቸው ልብስ ሰፊው ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ስሜን አላወቁትም፤ «የአሜሪካዋ» ብለው ጽፈውኛል፣ ከስር ቁጥሮቼ ተደርድረዋል። ከላዬ የአንድ ዲያቆን ቀሚስ፣ ከስሬ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አለ። «ልክሽ እዚህ ነው። ሰው ብትልኪ እሰፋለሁ» አሉ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለች። ለፋሲካ አንድ ቀሚስ እንዲሰፉልኝ ሰጥታቸው ኖሮ፣ ከመቁረጣቸው በፊት ጠይቂያት ብለዋት ነው፤ ያው ነሽ ወይስ የተለወጠ ነገር አለ?

«ወገቡ ላይ ሁለት ሴንቲ ይጨምሩበት በያቸው» አልኳት።

«እሰይ» አለች።