ትዋይፈልፎንቴይንን ማለዳ ጎብኙት

ትዋይፈልፎንቴይን በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ የናሚቢያ የመጀመሪያ የዓለም ቅርስ ነው፤ የተመዘገበውም በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ያለ አስጎብኚ መግባት አይፈቀድም፤ እኔም ይህን ደንብ ከልቤ እደግፋለሁ። በሰሜን ምዕራብ ዳማራላንድ፣ በቀላው የአሸዋ ድንጋይ ላይ ከ2,000 የማያንሱ ቅርጾች ተወቅረዋል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አብዛኞቹን ሳላይ አልፋቸው ነበር።

አስጎብኚያችን የዳማራ ተወላጅ ናት። "የአንበሳው ሰው" ከሚባለው ቅርጽ ስንደርስ፣ ማብራሪያ ከመጀመሯ በፊት የእግሮቹን ጣቶች እንድንቆጥር ጠየቀችን። በየመዳፉ አምስት አምስት ናቸው። የእውነተኛ አንበሳ ዱካ ላይ ግን የሚታዩት አራት ጣቶች ብቻ ናቸው። ረጅሙ ጅራቱም እንደ ክርን ታጥፏል። ኑሯቸው በአደን ላይ የተመሠረተ ሰዎች የአንበሳን ዱካ ጠንቅቀው ያውቃሉና፣ አምስተኛዋ ጣት በስህተት አልገባችም። አስጎብኚዋ እንዳስረዳችን ቅርጹ ወደ አንበሳነት የተለወጠ የመንፈስ አዋቂ ነው። ድንጋዩ ፊት ቆሞ ይህን መጠራጠር ይከብዳል።

ከቀጭኔው፣ ከአውራሪሱና ከሰጎኑ መካከል ፔንግዊን የሚመስል ወፍም አለ። ባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል! እነዚህ ሰዎች በእግራቸው የት ድረስ ይዘልቁ እንደነበር እንዲህ በግልጽ የሚመሰክር ነገር አላየሁም።

ቅሬታዬ ወደዚያ ባደረሰን የጉዞ ድርጅት ላይ ነው። በቀትር አምጥቶን፣ አስጎብኚዋ ገና እያብራራች ሳለ ሾፌሩ ሰዓቱን ያሳየን ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የተወቀረው ካልተወቀረው አይለይም፤ ለዚህ ዓይነት ጉብኝት ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም። በማግስቱ ማለዳ በራሴ ወጪ ተመለስኩ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ በእያንዳንዷ የምት ጠባሳ ውስጥ ጥላ ያርፋል፤ የእንስሳቱም ገላ ከዓለቱ ተነጥሎ ይወጣል። "የሚደንሰው አጋዘን" ገላው ተፍቆ እንዴት እንደለሰለሰ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጉዞ ስትዋዋሉ የመድረሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ አስጽፉ። የአንበሳውንና የአጋዘኑን መንገድ ሁለቱንም ጠይቁ። መንገዱ ድንጋያማ፣ ጥላውም እምብዛም ስለሆነ ውኃ፣ ባርኔጣና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ለአስጎብኚዎቹ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለጉዞ ድርጅቱ ግን ከሁለት በላይ አልሰጥም።